ችግር በመጣ ጊዜ ቤትን ስለ ማስተዳደር

ችግር ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው። ወደ ባለጠጋ ቤት ይገባል፤ ወደ ድኻም ቤት ይገባል። አንድ ዓመት በበረዶ፥ አንድ ዓመት በከብት በሽታ፥ አንድ ዓመት በሰው ሕመም፥ አንድ ዓመትም በእህል መወደድ ይመጣል። ሰው በሩን ዘግቶ ሊከለክለው አይችልም። ነገር ግን ችግር የገባበት ቤት ሁሉ አይፈርስም። አንዱ ቤት ሲፈርስ ሌላው ጸንቶ ይቆማል። የዚህን ምክንያት ማወቅ ለልጅም ለሽማግሌም ይጠቅማል።

አንዳንድ ሰዎች እምነት ማለት በችግር ጊዜ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ ጸሎትን ትተው በገንዘብ ብቻ ይታመናሉ። ሁለቱም ስተዋል። በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው አስቀድሞ ይጸልያል፤ ከጸለየም በኋላ ተነሥቶ በቤቱ ያለውን ይቈጥራል።

የመበለቲቱ ማሰሮ

በመጽሐፈ ነገሥት የአንዲት መበለት ታሪክ ተጽፏል። ባልዋ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበረ፤ ሲሞት ግን ዕዳ ትቶባት ሄደ። አበዳሪውም ሁለቱን ልጆችዋን ባሪያዎች አድርጎ ሊወስድ መጣ። እርስዋም ወደ ነቢዩ ወደ ኤልሳዕ ሄዳ ጮኸች። ነቢዩ ገንዘብ አውጥቶ አልሰጣትም፤ አስቀድሞ በቤትዋ ምን እንዳለ ጠየቃት። ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። እርሱም ከጎረቤቶችዋ ባዶ ማድጋዎች እንድትዋስ፥ በርዋንም ዘግታ ዘይቱን በማድጋዎቹ እንድትቀዳ አዘዛት። ዘይቱም ማድጋዎቹ ሁሉ እስኪሞሉ ድረስ አላቋረጠም። ከዚያም በኋላ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆችዋ ጋራ እንድትኖር ነገራት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አራት ትምህርት አለ። አንደኛ፥ መበለቲቱ ችግርዋን አልደበቀችም። ሁለተኛ፥ በቤትዋ ያለውን ቈጠረች። ሦስተኛ፥ ከጎረቤቶችዋ አልተለየችም። አራተኛ፥ ገንዘብ ባገኘች ጊዜ ከዕዳዋ ጀመረች። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ ማድጋ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል ግን የእርስዋ ሥራ ነበረ።

በቤት ያለውን ስለ መቍጠር

አዊ በአማራ ክልል ያለ ደጋና ወይናደጋ አገር ነው። ሕዝቡ አውንጊና አማርኛ ይናገራል። እንጅባራና ዳንግላ የተባሉት ከተሞች ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በእንጅባራ አጠገብ ባለው ደጋ ገብስና ድንች፥ በዳንግላ በኩል ጤፍ፥ ዳጉሳና በቆሎ ይበቅላል። ዝናቡ ብዙ፥ ምድሩም ለምለም ነው። ዳሩ ግን በለምለም አገርም ቢሆን ጎተራ የሚጎድልበት ወራት አለ። ይኸውም ያለፈው ዓመት እህል ሊያልቅ ሲቀርብ፥ አዲሱም ገና በማሳ ላይ ሳለ ነው።

ለምሳሌ በእንጅባራ ደጋ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋራ ይታሰቡ። ባልየው በሚያዝያ ታመመ። ለመድኃኒት ገንዘብ ወጣ፤ ሥራም ተጓደለ። ግንቦት 15 ቀን በጎተራቸው የቀረው ገብስ 200 ኪሎ ብቻ ሆነ። በበረታቸው ሁለት በሬዎችና ሁለት በጎች አሉ። በጓሮአቸውም ድንች ተተክሏል፤ ግን ገና አልደረሰም።

ማስተዋል የጎደለው ሰው በዚህ ጊዜ ጎተራውን ሳይመለከት በየቀኑ እየዘገነ ይበላል፤ ባለቀበትም ቀን ይደነግጣል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን ማታ ከጸሎት በኋላ ተቀምጠው ቈጠሩ። ከ200 ኪሎው አስቀድመው ለሰኔ ዘር 70 ኪሎ ለዩ። 130 ኪሎ ቀረ። ለአምስት ሰው በቀን 2 ኪሎ ቢሆን ለ65 ቀን ይበቃል፤ ይህም ከግንቦት 15 ቀን እስከ ሐምሌ 19 ቀን ያደርሳል። ድንቹም በዚያው በሐምሌ ይደርሳል። ከቈጠሩ በኋላ ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ ያልተቈጠረ ችግር ከተቈጠረው ይልቅ ያስፈራልና።

ዘርን ስላለመብላት

ለዘር የተለየው 70 ኪሎ ገብስ ቢበላ ለ35 ቀን ያበላል። ቢዘራ ግን በደኅና ዓመት ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይመልሳል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ልጆቹ ጎመን እየበሉ ቢያድሩ እንኳ ዘሩን አይነካም።

ባልየው ለመድኃኒት የቀረበትን ገንዘብ ለመክፈል አንዱን በሬ ሊሸጥ አሰበ። ሚስቱ ግን «በሬው ከተሸጠ ማሳው ጦም ያድራል፤ ሁለቱ በጎች ይሸጡ» አለችው። ባልየውም ምክርዋን ሰማ። በግ የቤት ሀብት ነው፤ በሬ ግን ሀብትን የሚያመጣ ነው። በችግር ጊዜ አስቀድሞ የሚሸጠው ያለ እርሱ መኖር የሚቻለው ነገር ነው።

ዘር ያለው ለገበሬ ብቻ አይደለም። የነጋዴ ዘሩ መነሻ ገንዘቡ ነው። የልብስ ሰፊ ዘሩ የስፌት መኪናው ነው። የሸማኔም ዘሩ የሸማ ዕቃው ነው። የልጅ ዘሩ ትምህርቱ ነው። አንዳንድ ወላጆች ችግር በጸናባቸው ጊዜ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አውጥተው ለእረኝነት ወይም ለሎሌነት ይሰጣሉ። ዛሬ ጥቂት ብር ያገኛሉ፤ ነገ የሚበቅለውን ግን በልተውታል።

ስለ ዕዳ

ዕዳ ሁሉ እኩል አይደለም። ለዘር ወይም ለማዳበሪያ የተበደረ ሰው ከመከሩ ሊከፍል ይችላል። ለድግስ የተበደረ ሰው ግን እንግዶቹ በልተው ሲሄዱ የቀረለት ዕዳው ብቻ ነው። ብዙ ቤት የፈረሰው በረኃብ ሳይሆን «ሰው ምን ይለኛል» በማለት ነው። እግዚአብሔር የድግስ ብዛት አይጠይቅም፤ ጎረቤትም ቢሆን የበላውን ድግስ ቶሎ ይረሳል።

ከዕዳ ሁሉ የከፋው አራጣ ነው። አንድ ሰው 2,000 ብር በአራጣ ቢበደር፥ ወለዱም በየወሩ ከመቶው 10 ብር ቢሆን፥ በወር 200 ብር ይሆናል። በ12 ወር ወለዱ ብቻ 2,400 ብር ነው፤ ከዋናው ጋራ 4,400 ብር ይከፍላል። ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ በዋናው ላይ እየተጨመረ ወለድ ቢወልድ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ዕዳው ከ6,200 ብር ይበልጣል። ተበዳሪው ሲተኛ አራጣው አይተኛም። መጽሐፍ ቅዱስ ከድኻ ወንድም አራጣ መውሰድን ይከለክላል፤ የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል።

መበደር ግድ ከሆነ በሕግ ከሚያበድር መበደር ይሻላል፤ ለምሳሌ ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር፥ ወይም ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል ከነበረው ከጸደይ ባንክ መበደር ይቻላል። ይህም ቢሆን ዕዳ ነውና ሰው አስቀድሞ አራት ነገር ይጠይቅ፤ ስንት ነው? ወለዱ ስንት ነው? መቼ ይከፈላል? ከምን ይከፈላል? ለአራተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው አይበደር። ጌታ ኢየሱስም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር በምሳሌ አስተምሯል።

በዕዳ የተያዘ ሰው ከአበዳሪው አይሸሽ። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ሄዶ ያለበትን ሁኔታ በእውነት ይናገር፤ ጥቂት በጥቂት ለመክፈልም ይዋዋል። አሮጌውን ዕዳ በአዲስ አራጣ አይክፈል፤ ይህ እሳትን በገለባ እንደ ማጥፋት ነው።

ከጎረቤት ስላለመለየት

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የታመመው ገበሬ ማሳ በሰኔ ሳይታረስ እንዳይቀር ጎረቤቶቹ በደቦ ሊያርሱለት ይችላሉ። ደቦ ለአንድ ቀን ብዙ ሰው ተሰብስቦ አንዱን የሚረዳበት ነው። ወንፈል ደግሞ ተራ በተራ ጉልበትን መበዳደር ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው በወንፈል በጉልበቱ ይከፍላል።

ዕቁብም ጥሩ ሥርዓት ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 200 ብር ቢያዋጡ 2,400 ብር ይሆናል፤ ይህንም በዕጣ አንድ ሰው በየወሩ ይወስዳል። ዕቁብ ገንዘብን አያበዛም፤ የተበተነውን ግን ይሰበስባል፤ ወለድም የለበትም። እድር ደግሞ ሰው በሞተ ጊዜ ለቀብርና ለለቅሶ ይደርሳል። በአዊ የታወቀው የፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ በጥር በዓሉን ያከብራል፤ አባሎቹም በደስታና በኀዘን ጊዜ ይረዳዳሉ።

ብዙ ሰው ግን ሲቸግረው አስቀድሞ የሚያቋርጠው የእድር መዋጮውን ነው፤ ከዚያም ስለሚያፍር ከሰው ይርቃል። ይህ ስሕተት ነው። ወደ እድሩ ዳኛ ሄዶ ችግሩን ቢናገር ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ዝም ቢል ግን ስሙ ይሰረዛል። መበለቲቱ ማድጋ የተዋሰችው ጎረቤቶችዋን ስላላፈረች ነው።

በአንድ ነገር ብቻ ስላለመታመን

በአዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ የሚባል ወረዳ አለ። የዚያ አገር ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን፥ ከአውስትራልያ የመጣውን የግራር ዓይነት በማሳቸው መትከል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋራ ይተክሉታል። በሚቀጥሉት ዓመታት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብት ያጭዳሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። በዚህ ሥራ ብዙ ቤተ ሰብ ልጆቹን አስተማረ፥ በቆርቆሮ የተከደነ ቤትም ሠራ። ዛፉ በማሳ ላይ የቆመ ቁጠባ ሆነላቸው።

ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ዋግ የሚባል በሽታ በዛፉ ላይ ወርዶ ብዙ ተክል አበላሸ። ማሳውን ሁሉ በዛፍ የሸፈነ ገበሬ እጅግ ተጎዳ። ከዛፉ ጋራ ገብስና ድንች፥ በግና የንብ ቀፎ ያለው ሰው ግን አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይተርፋል። መትከላቸው ጥፋት አልነበረም፤ በአንድ ነገር ብቻ መታመን ግን ጉዳት ያመጣል።

ከችግር በፊትና ከችግር በኋላ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» የሚባል ታላቅ ረኃብ ሆነ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ የሚያርስ በመታጣቱም ምድሪቱ ጦም አደረች። በዚያ ጊዜ አፄ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ እንዲሆኑ ዶማ ይዘው በእጃቸው እንደ ቈፈሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሬ ለጠፋበት ሰው የቀረው እጁ ነበረና፥ ያለውን ይዞ መሥራት ለንጉሥም አላሳፈረም። ያ የከብት በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ዮሴፍ ደግሞ በግብፅ አገር ችግር ሳይመጣ አስቀድሞ መከረ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከእህሉ ከአምስት እጅ አንዱ እንዲቀመጥ አደረገ። ሰባቱ የረኃብ ዓመታት በመጡ ጊዜ ግብፅ አልጠፋችም፤ የጎረቤት አገርም ሰዎች ከዚያ እህል ገዝተው ዳኑ። ከአምስት አንዱን ማስቀመጥ ያልቻለ ሰው ከዐሥር አንዱን፥ ይህንም ያልቻለ በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ያስቀምጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ችግሩ ያለፈለት ሰውም ሁለት ነገር አይርሳ። መጀመሪያ እግዚአብሔርን ያመስግን። ቀጥሎም በጨለማው ቀን ማድጋ ያዋሰውን ጎረቤት አስቦ፥ ዛሬ ለተቸገረው ሰው እጁን ይዘርጋ። ዘሩን ያልበላ፥ ዕዳውን የከፈለ፥ ጎረቤቱን ያልተወ ቤት ችግር ቢጎበኘውም አይፈርስም።

ጥያቄ

1. መበለቲቱ ዘይቱን ሸጣ በመጀመሪያ ምን አደረገች?
2. ባልና ሚስቱ ከ200 ኪሎው ገብስ 70 ኪሎውን ስለ ምን ለዩ?
3. በሬውን ትተው በጎቹን የሸጡት ስለ ምንድር ነው?
4. በወር ከመቶው 10 ብር ወለድ የሚከፈልበት 1,000 ብር በ12 ወር ስንት ወለድ ይሆናል?
5. የተማሪ ዘሩ ምንድር ነው? እንዴትስ ይጠበቃል?