የሚያድን እጅ ንጹሕ እጅ ነው

«እገሌ ሆስፒታል ገባ» ሲባል አንዳንድ ሰው ደንገጥ ይላል። «እንግዲህ ከዚያ ከገባ ሬሳው ነው የሚወጣ» የሚልም አይጠፋም። ይህን ወሬ በሮብ ገበያም፣ በየመንገዱም ሰምተናል። የማያውቅ ሰው ወሬ ነው ብለን ግን አንንቀውም። ድሮ፣ ሠለጠነ በተባለው በአውሮፓ አገር እንኳ፣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ይዞት ባልመጣው በሽታ ይሞት ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ? እስቲ አብረን እንየው።

ሁለቱ የማዋለጃ ክፍሎች

ኦስትርያ የምትባል አገር አለች። በዋና ከተማዋ በቪዬና አንድ ትልቅ ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው ክፍል የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። በሁለተኛው ክፍል የሚያዋልዱት አዋላጅ ሴቶች ነበሩ።

በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 ወላዶች 10 ያህሉ በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በአዋላጆቹ ክፍል የሚሞቱት ግን 4 አይሞሉም። እናቶቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል እንዳይወስዷቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ፍርሃታቸው እውነት ነበረው።

በዚያ ሆስፒታል ኢግናዝ ሴመልቫይስ የሚባል ወጣት ሐኪም ይሠራ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. አንድ ሐኪም ጓደኛው ሬሳ ሲመረመር በቢላዋ ጣቱን ተወጋ። ጥቂት ቀን ታሞ ሞተ። በሽታው ልክ እንደ እናቶቹ በሽታ ነበር። ሴመልቫይስ ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ ከፍተው ሲማሩ ይቆዩና በዚያው እጃቸው እናቶቹን ይመረምራሉ። አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም። ለካስ ሞቱን ተሸክሞ የሚመጣው የሐኪሙ እጅ ነው!

ሴመልቫይስ «ማንም ሰው እጁን ሳይታጠብ እናት እንዳይነካ» ብሎ አዘዘ። መታጠቢያው እንደ በረኪና የሚሸት፣ ክሎሪን ያለበት የኖራ ውሃ ነበር። በሚያዝያ ወር ከ100 እናቶች 18 ሞተው ነበር። በሰኔ ወር የሞቱት 2 ያህል ብቻ ሆኑ።

ይህን ያህል ሰው አድኖም አልተመሰገነም። ትልልቆቹ ሐኪሞች «የእኛ እጅ ነው የሚገድል?» ብለው ተቆጡ። ብዙዎቹ ምክሩን አልተቀበሉም። እሱም በነሐሴ 1857 ዓ.ም. ቁስል አመርቅዞበት ሞተ።

ጠላው ለምን ይፈላል?

ጌሾና ብቅል ሲጣልበት ጠላው ለምን ይፈላል? ወተትስ ለምን ይረጋል? ሉዊ ፓስተር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ይህን የመሰለውን ነገር መረመረ። የሚያፈላውም የሚያበላሸውም በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳየ። በሽታ የሚያመጡትን ረቂቅ ነገሮች ዛሬ ጀርም እንላቸዋለን።

ጆሴፍ ሊስተር የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም ይህን ሰማ። «ወተት የሚያበላሸው ጀርም ከሆነ፣ ቁስልንም የሚያመረቅዘው እሱ ይሆናል» ብሎ አሰበ። ሴመልቫይስ በሞተበት በዚያው በነሐሴ 1857 ዓ.ም. ግላስጎ በምትባል ከተማ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ጋሪ ሄደበት። የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን በጥሶ ወጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እግር ብዙ ጊዜ ይቆረጥ ነበር። ሊስተር ግን ካርቦሊክ አሲድ በሚባል ጀርም ገዳይ መድኃኒት ጨርቅ ነክሮ ቁስሉን አሰረው። ቁስሉ መግል ሳይዝ ደረቀ። ልጁም ከስድስት ሳምንት በኋላ በእግሩ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች መሣሪያቸውን መቀቀል ጀመሩ። እንፋሎቱ እንዳይወጣ ጥብቅ ተደርጎ በሚዘጋ ማሽንም ያነጹት ጀመር። ጓንትም መጣ።

በአገራችንስ?

ከአድዋ ጦርነት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኞችን አከሙ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ለገጠሩ ሕዝብ አሠለጠነ።

ስንት ሕፃን የፈጀውን መንጋጋ ቆልፍን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጀርሙ የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው። እትብት በቆሸሸ ምላጭ ሲቆረጥ፣ ወይም ቅቤና እበት ሲደረግበት ወደ ሕፃኑ ይገባል። በእናቶች ክትባትና በንጹሕ አዋላጅነት በሽታው በጣም ስለቀነሰ፣ በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ እንዳሸነፈች ተመሰከረላት። ጀርሙ ግን ከአፈሩ አልጠፋም። ክትባቱንና ንጽሕናውን ብንተው ተመልሶ ይመጣል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባም በየደጁ ውሃና ሳሙና ተቀመጠ። ሴመልቫይስ ያለውን ነው ሁላችን የሠራነው።

እኛ ምን እናድርግ?

በሽተኛ ይዘን ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል ስንሄድ እነዚህን እናስታውስ፦

1. አስታማሚም ጠያቂም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊትና ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ።
2. ጠያቂ በበሽተኛ አልጋ ላይ አይቀመጥ። ጉንፋን የያዘው ሰው አራስና ሕፃን ለመጠየቅ አይግባ።
3. ፋሻውን አንፍታ፤ ቁስሉንም በእጃችን አንንካ። ቅቤም እበትም አናድርግበት።
4. መርፌ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲሱ ከማሸጊያው ሲወጣ እንይ።
5. ነርሱን ወይም ሐኪሙን «እባክዎ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር አይደለም።

የቪዬና እናቶች ፈርተው ለምነው ነበር፤ የሰማቸው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እኛ ዛሬ ምክንያቱን አውቀናል። ስለዚህ ከሆስፒታል አንሽሽ፤ ምጥ የያዛትን እናት ቤት አናስቀር። ሄደን እንታከም፣ ንጽሕናውንም አብረን እንጠብቅ።

እንወያይበት

1. በቪዬና በሐኪሞቹ ክፍል ብዙ እናቶች የሞቱት ለምን ነበር?
2. ትልልቆቹ ሐኪሞች የሴመልቫይስን ምክር ያልተቀበሉት ለምን ይመስላችኋል?
3. በእናንተ ሰፈር አራስ ስትጠየቅ ምን ቢለወጥ ጥሩ ነው?