ያውቁ ኖሯል? አንድ ቢሊዮን ሴል በአንድ ቦሎቄ መጠን
ሶዶ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ቦሎቄ አንዷን ፍሬ ቢያነሱ ርዝመቷ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚያክል የጡት ካንሰር እብጠት በውስጡ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉ ሴሎች እንደሚይዝ ይገመታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሴል ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ 10 ጊዜ እጥፍ ቢሆኑ 1,024 ይደርሳሉ፤ 20 ጊዜ ሲሆን ከሚሊዮን፣ 30 ጊዜ ሲሆን ከቢሊዮን ያልፋሉ (በመንገድ የሚሞቱትን ሴሎች ሳንቆጥር)። እብጠቱ በእጅ ሲዳሰስ እነዚያ 30 እጥፎች አልፈዋል ማለት ነው። ከ1 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ለማደግ ግን፣ በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ እጥፍ ስለሚሆን፣ የሴሎቹ ቁጥር 3 ጊዜ ብቻ እጥፍ መሆን ይበቃዋል። አንዱ እጥፍ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል።

የጡት ራጅ፣ ማለትም ማሞግራም፣ በሚሊ ሜትር የሚለካ እብጠት ሊያሳይ ይችላል። በ2 ሚሊ ሜትር የተገኘ እብጠት ቦሎቄዋን ለማከል ገና 7 ጊዜ ያህል እጥፍ መሆን ይቀረዋል።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ነው። በጡትዎ ወይም በብብትዎ ያልነበረ እብጠት ካገኙ፣ ባያምዎትም እንኳ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄደው ይታዩ።