የንግድ ሰው፣ ወንበሩና የአእምሮው ዕረፍት

የንግድ ሥራ በመልካም ይዞታ ላይ በሚገኝበት ጊዜ እንኳ ከሐሳብ ነጻ የሆነ ሥራ አይደለም። አስመጪው የባንክ ፈቃድ እስኪወጣለት፣ ዕቃውም ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ድረስ ቀንና ሌሊት ይቆጥራል፤ ላኪው የቡናን ዋጋ መውጣትና መውረድ ይከታተላል፤ ባለሱቁም በዱቤ የሰጠውንና ለኪራይ የሚከፍለውን ሲያመዛዝን ያመሻል። ይህ ሁሉ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ተቀምጦ ነው። ከቤት እስከ ሱቅ በመኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበርም ተመልሶ ወደ መኪና ይኬዳል።

የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የሰው አካል ሥጋት ሲሰማው አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ዝግጅት ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚያገለግል ነው። ነገር ግን ከዘገየ ኮንቴይነር ሮጦ የሚያመልጥ፣ የምንዛሪንም ተመን ታግሎ የሚጥል ነጋዴ የለም። ስለዚህ ለእንቅስቃሴ የተዘጋጀው አካል ሳይንቀሳቀስ ይውልና ጭንቀቱ ወደ ሌሊት ይተላለፋል፤ እንቅልፍ ይታጣል፤ በማግሥቱም በጥቂቱ ነገር ከደንበኛ ጋር መነታረክ ይከተላል።

ተቀምጦ መዋል ያለውን ጉዳት በሥራ ቦታ ላይ አስቀድመው ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ዶክተር ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ያወጡት ነው። በለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ውስጥ ሾፌሩ ተቀምጦ ሲውል ቲኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር፤ የልብ ሕመምም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ አነስ ብሎ ተገኘ። ይህ የልብ ጉዳይ ነው። ስለ አእምሮ ደግሞ በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 ያሳተሙት ጥናት ይጠቀሳል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ጀምሮ የሆነ፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያደረባቸው 156 ሰዎች በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን መድኃኒት ሲወስድ፣ ሁለተኛው በሳምንት ሦስት ቀን የእግር ጉዞና ሶምሶማ ሲያደርግ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሲያጣምር ቆየ። ከ16 ሳምንት በኋላ የሦስቱም መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ቶሎ ማሻል የጀመረ ስለ ሆነ፣ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት በእግር ጉዞ ተክቶ መተው ለማንም የሚገባ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንቅስቃሴ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፣ በመርካቶ ጆንያ ተሸክሞ የሚውለው ሰው ከሁሉ ይልቅ ደስተኛ መሆን አይገባውም ነበርን? ጥናቶች እንዲህ አያሳዩም። በፈቃድና በትርፍ ጊዜ የሚደረገው እንቅስቃሴ ለአእምሮ ጤንነት ሲረዳ፣ ለእንጀራ ሲባል በግድ የሚሠራው የጉልበት ሥራ ያንኑ ያህል ጥቅም አልታየበትም። ባለመጋዘኖች ሠራተኞቻቸው ከሸክም በኋላ ዕረፍት እንደሚያሻቸው ሊያስቡበት ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የተደረገውም ይቆጠራል። በገበያ ማዕከሎች ሊፍት ከመጠበቅ በደረጃ መውጣት፣ ለአቅራቢያ ባንክ ጉዳይ ተላላኪ ከመላክ ራስን ማስኬድ፣ መኪናን ራቅ አድርጎ ማቆም ሁሉ ከሒሳቡ ይገባል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቱን በዝግታ ይጀምር። ሱቁን ለሌላ ሰው ትቶ መውጣት የማይችለው ባለሱቅም ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት መደርደሪያውን ራሱ ቢያስተካክልና ዕቃውን ቆሞ ቢቆጥር፣ የጎደለውንም በዚያው ያውቃል።