ጆንያውና ግራፉ

የዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ስለ ፊዚክስ ነው። «ደግሞ ፊዚክስ!» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፤ ነገሩ ወገብን ይመለከታል።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ማታ ማታ የማስጠናው አንድ ልጅ አለ። ቀን ጆንያ ያወርዳል፣ ማታ የ11ኛ ክፍል ፊዚክሱን ይዞ ይመጣል። ባለፈው ሰሞን ወገቡን ይዞ ገባ። የጉልበትና የጊዜ ግራፍ ስሰጠው «ቲቸር፣ ይሄ ለኔ ምን ይሠራልኛል?» አለኝ። ጠመኔ አንስቼ የራሱን ጆንያ ሠሌዳው ላይ ሣልኩለት።

ጆንያው 50 ኪሎ ነው። መኪናው ላይ ያለው ሰው ከትከሻው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ሲለቅበት፣ ትከሻው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። 50ን በ2 ስናባዛ 100፤ ሞመንተም የሚባለው ይኸው ነው። ጆንያው እንዲቆም ይህ 100 መጥፋት አለበት። የሚያጠፋው ትከሻው ነው። ጉልበት ከቆየበት ጊዜ ጋር ሲባዛ ኢምፐልስ ይባላል፤ ከሞመንተም ለውጥ ጋር ምንጊዜም እኩል ነው።

ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲቀበል ጆንያው በ0.05 ሰከንድ ይቆማል እንበል። ጊዜውን አግድም፣ ጉልበቱን ሽቅብ ስንስል እንደ ሹል ተራራ ያለ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ጫፉ 4000 ኒውተን ነው። «ኢምፐልሱ ስንት ነው?» አልኩት። «4000!» አለ። ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚወድቀው እዚችው ላይ ነው። ቁመቱ የሚነግረን ትልቁን ጉልበት ብቻ ነው፤ ኢምፐልሱ ግን ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ነው። 0.05 ሲባዛ በ4000፣ ሲካፈል ለ2፣ 100 ኒውተን ሰከንድ።

አሁን የእግሩን ጉልበት አጥፎ፣ ከጆንያው ጋር 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይቀበል። ጊዜው 0.2 ሰከንድ ይሆናል። ተራራው ይዘረጋል፣ ጫፉም ወደ 1000 ኒውተን ይወርዳል። ስፋቱስ? 0.2 ሲባዛ በ1000፣ ሲካፈል ለ2፤ ያው 100! የመጀመሪያው 8 ጆንያ ባንዴ እንደመሸከም ነው፤ ሁለተኛው 2 ጆንያ። በሁለቱም ላይ የጆንያው የራሱ ክብደት፣ 500 ኒውተን፣ ይጨመራል።

ስፋቱን መቀነስ አንችልም፤ ቅርጹን መለወጥ ግን በእጃችን ነው። መርከብ ሲጠጋ ከወደቡ ግንብ ጋር እንዳይላተም መሃል ላይ የሚደረገው ጎማም ሥራው ይኸው ነው፤ ጊዜውን ያረዝማል።

ለፈተና ሦስት ነገር አትርሱ። ጊዜው በሚሊ ሰከንድ ከተሰጠ ለ1000 አካፍሉ። ከአግድሙ መስመር በታች የወረደውን ስፋት ቀንሱ። ስፋቱ የሚሰጠው ለውጡን ነውና፣ ዕቃው ቀድሞ ይሄድ ከነበረ የመነሻውን ሞመንተም ደምሩበት።

እስቲ ቤት ውስጥ ሞክሩት፦ የቆመ የውሃ ጋሪ ከነጀሪካኑ 60 ኪሎ ነው። ሰበቃው ተቀንሶ የቀረው ጉልበት ለ3 ሰከንድ 30 ኒውተን ሆኖ ይቆይና፣ በሚቀጥለው 2 ሰከንድ እኩል እየቀነሰ ዜሮ ይገባል። ስፋቱ 90 ሲደመር 30፣ 120 ነው። ለ60 ሲካፈል በሰከንድ 2 ሜትር። ልጆቻችሁ ግራፉን ሥለው ያሳዩአችሁ።

ያ ልጅ በማግስቱ ሲመጣ «ቲቸር፣ የእግር ጉልበት ሲታጠፍ የፊዚክሱ ጉልበት ይቀንሳል ማለት ነው?» አለኝ። አዎን፣ ማለት ነው።