የሚሳል ሰንጢ፣ የሚጠበቅ ሰንጢ፦ ስለ ርካሽና ውድ የኪስ ቢላዎች አሰባሰብና አያያዝ

መግቢያ

ሰንጢ ስለቱ ወደ እጀታው ታጥፎ በኪስ የሚያዝ ቢላዋ ነው። እንደ ማንኛውም ቢላዋ በሠራ ቁጥር አፉ ይደንዛል፤ በደነዘ ቁጥርም ይሳላል። መሳል ማለት ደግሞ ከስለቱ ላይ ጥቂት ብረት ፍቆ ማስወገድ ነው። ስለዚህ ሰንጢን ለሥራ ብቁ የሚያደርገው እንክብካቤ ራሱ ቀስ በቀስ ሰንጢውን ይጨርሰዋል። ለዕለት ሥራ ለሚገለገልበት ሰው ይህ ችግር አይሆንም፤ ያለቀውን ጥሎ ሌላ ይገዛል። ሰንጢዎችን ለሚሰበስብ ሰው ግን ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። አንድ አሮጌ ሰንጢ እጁ ሲገባ ስሎና ወልውሎ ወደ ሥራ ይመልሰው ወይስ እንዳለ ያቆየው?

ጥያቄውን በዋጋ መመለስ ይቀላል፤ ውዱን በሣጥን ማስቀመጥ፣ ርካሹን እንዳሻ መሞረድ። ይህ ጽሑፍ ግን መልሱ ዋጋን ሳይሆን ሰንጢው የያዘውን ማስረጃ መከተል እንዳለበት ለማሳየት ይሞክራል። ለዚህም በመጀመሪያ ርካሽና ውድ ሰንጢ በምን እንደሚለያዩ፣ ቀጥሎ ከፈረንሳይና ከስዊዘርላንድ የተወሰዱ ምሳሌዎችን፣ በመጨረሻም የአሳሳልንና የአቀማመጥን ጉዳይ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋ የሚገዛው ምንድን ነው?

ስለት የሚሠራበት ብረት ካርቦን የተዋሐደው ነው። ካርቦኑ ብረቱ በእሳት ግሎ በዘይት ወይም በውኃ ሲነከር እንዲጠነክር ያስችለዋል። እንዲህ የጠነከረ ብረት በቀላሉ የሚሰበር ስለሚሆን፣ እንደገና በመጠነኛ ሙቀት እንዲሞቅ ተደርጎ ጥንካሬው ጥቂት ይላላል። በአገራችን ብረት ሠሪዎች ካረጀ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋ መሥራት የሚችሉት፣ ባሌስትራ በዚህ መንገድ ሊጠነክር የሚችል ካርቦን ያለው ብረት በመሆኑ ነው። በብረቱ ላይ ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ሲጨመርበት የማይዝግ የሚባለው ብረት ይገኛል፤ ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ መከላከያ ይሠራል። ይሁን እንጂ “የማይዝግ” የሚለው ስም የተጋነነ ነው፤ ጨውና እርጥበት ከቆዩበት ይህም ይዝጋል።

ከውድ ሰንጢዎች ብዙዎቹ በዱቄት ዘዴ ከተመረተ ብረት ይሠራሉ። በዚህ ዘዴ የቀለጠው ብረት ወደ ረቂቅ ዱቄት ይበተናል፤ ዱቄቱም በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጣምሮ እንደገና አንድ አካል ይሆናል። በመሆኑም ካርባይድ የተባሉት እጅግ ጠንካራ ቅንጣቶች በብረቱ ውስጥ ጥቃቅን ሆነው በእኩልነት ይሰራጫሉ። በ2001 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበውና 4 በመቶ ያህል ቫናዲየም ያለው ሲፒኤም ኤስ30ቪ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ከእንዲህ ያለ ብረት የተሠራ ስለት ለረጅም ጊዜ ሳይደንዝ ይቆያል። በአንጻሩ የቫናዲየም ካርባይድ ከተለመደው የመሳያ ድንጋይ የበለጠ ጠንካራ ስለሆነ፣ ስለቱን በሚገባ ለመሳል አልማዝ የተለበጠበት መሳያ ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንረዳው ዋጋ በዋናነት የሚገዛው የአፉን ዕድሜ፣ የመቆለፊያውን ጽናትና የአሠራሩን ጥራት እንደሆነ ነው። ቆራጭነትን ግን የግድ አይገዛም። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ርካሽ ስለት፣ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከሚወፍር ውድ ስለት ይልቅ ፖምን ሳይሰነጥቅ ይቆርጣል። ምክንያቱም አፉ ከገባ በኋላ የሚቆረጠውን ነገር ገፍቶ የሚያልፈው የስለቱ ውፍረት ነው።

ስለዚህ ለሰብሳቢ ከርካሽና ከውድ ይልቅ የሚጠቅመው ልዩነት በሚገባ በተሠራና ባልተሠራ ሰንጢ መካከል ያለው ነው። ይህን ሲገዙ መለየት ይቻላል። ሰንጢው ተከፍቶ ስለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ መታጠፊያው ልል ነው። መቆለፊያ ያለው ከሆነ፣ የስለቱ ጀርባ በእንጨት ላይ በቀስታ ሲጫን መቆለፊያው መንሸራተት የለበትም። ተስሎ ጥቂት ወረቀት እንደቆረጠ የሚደንዝ ከሆነ ደግሞ ብረቱ በትክክል አልጠነከረም።

ኦፒኔልና ቪክቶሪኖክስ

ርካሽ ሆነው በሚገባ ከተሠሩት መካከል ሁለቱ ለሰብሳቢ ብዙ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል ይህን ሰንጢ በ1890 በሳቯ ተራራማ አገር ሠራ፤ በ1897 ደግሞ ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 ባሉ መጠኖች አቀረበው። ቁጥር 1 እና ቁጥር 11 ከጊዜ በኋላ ከምርት ወጥተዋል። እጀታው በአብዛኛው ቢች ከተባለው ዛፍ የሚሠራ ሲሆን፣ ከ1909 ጀምሮ በስለቱ ላይ ዘውድ የደፋች እጅ ምልክት ሆና ታትማለች። በ1955 ስለቱ ተከፍቶ እንዲቆለፍ የሚያደርግ ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረበት፤ በ2000 ደግሞ ቀለበቱ ታጥፎም እንዲቆልፍ ተሻሻለ።

እነዚህ ዓመታት አንድን ኦፒኔል በዕድሜ ለመመደብ ይረዳሉ። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀለበት የሌለው ሁሉ ከ1955 በፊት የተሠራ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ከቁጥር 5 በታች ያሉት ትንንሾቹ፣ ቁጥር 5ም ጭምር፣ ዛሬም ያለ ቀለበት ይሠራሉ። ስለዚህ መጠኑን፣ ቀለበቱንና የታተመውን ምልክት አንድ ላይ ማየት ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ነው። ካርል ኤልስነር የቢላዋ ሥራውን በ1884 በሽቪትስ ግዛት በኢባክ ጀመረ፤ በ1891 ለአገሩ ጦር የመጀመሪያዎቹን የወታደር ሰንጢዎች አስረከበ፤ በ1897 ደግሞ የመኮንን ሰንጢ የተባለውንና በኋላ በዓለም የታወቀውን ዓይነት አስመዘገበ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ስታርፍ ስሟን ለምርቱ ሰጠው። በ1921 የማይዝግ ብረት ሥራ ላይ ሲውል፣ በፈረንሳይኛ የማይዝግ ማለት የሆነው “ኢኖክስ” ተጨምሮበት ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ስለዚህ በስለቱ ግርጌ የታተመው ስም ብቻ ሰንጢው ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል። ከ1961 ጀምሮ በአሉሚኒየም እጀታ የተሠራው የወታደር ሰንጢማ የተሠራበትን ዓመት የሚያሳይ አሃዝ በስለቱ ግርጌ ታትሞበታል።

በሌላ በኩል ስም ብቻውን ምንጭን የማያረጋግጥበት ጊዜ አለ። ላዮል በደቡብ ፈረንሳይ ያለች መንደር ስትሆን ስሟ የአንድ ቅርጽ ያለው ሰንጢ መጠሪያ ሆኗል። ስሙ ለረጅም ጊዜ ጥበቃ ስላልነበረው፣ ይህን ስም የያዙ ሰንጢዎች በመንደሯ ብቻ ሳይሆን ቲየር በተባለችው የፈረንሳይ የቢላዋ ከተማና በእስያ ፋብሪካዎችም ይሠራሉ። በመሆኑም በአንድ ስም እጅግ ርካሽና እጅግ ውድ ሰንጢ ይገኛል፤ ሰብሳቢው ከስሙ በተጨማሪ የሠሪውን ማኅተም መፈለግ ይኖርበታል።

ርካሹ ለምን ይጠፋል?

ከላይ የተጠቀሱት ማስረጃዎች ሁሉ ያሉት በብረቱ ገጽ ላይ ነው፤ በጣም ጥልቅም አይደሉም። አሮጌ ስለት በሚሽከረከር ድንጋይ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ሲፋቅ፣ ከዝገቱ ጋር ማኅተሙም ይሄዳል። በተደጋጋሚ የተሳለ ስለት ስፋቱ ሲቀንስ ደግሞ የመጀመሪያ ቅርጹ ይጠፋል። የጠበበው ስለት ራሱ ግን ማስረጃ ነው፤ በተመሳሳይ ዓይነት አዲስ ሰንጢ ጎን ሲቀመጥ ባለቤቱ ምን ያህል እንደሠራበትና ወደ የትኛው በኩል አዘንብሎ እንደሳለው ያሳያል።

ውድ ሰንጢ ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ስለሚያዝ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ገበሬው፣ እረኛውና ወታደሩ በኪሳቸው የያዙት ርካሽ ሰንጢ ግን እስኪያልቅ ተሠርቶበት ይጣላል። በዚህም ምክንያት በብዛት የተሠራው ነገር በብዛት ሳይቆይ ይቀራል። የተረፈውን ብቻ አይቶ ያለፈውን ኑሮ የሚገምት ሰው፣ ሰዎች በእርግጥ ከያዙት ይልቅ ያስቀመጡትን ያያል። የርካሽ ሰንጢ ስብስብ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሳሳል

ለሥራ የተለየው ሰንጢ መሳል አለበት፤ የደነዘ ስለት ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ተንሸራትቶ እጅን የመቁረጥ አደጋው ከፍ ይላል። በእርጥብ የመሳያ ድንጋይ ላይ ስለቱን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብሎ በአንድ ማዕዘን መግፋት ይገባል። በአንዱ ጎን ሲሳል በሌላው ጎን በጣት ሲዳሰስ የሚይዝ ቀጭን የብረት ጠርዝ ይወጣል። ይህ ጠርዝ በስለቱ ርዝመት ሁሉ ከታየ ድንጋዩ አፉ ድረስ መድረሱን ያመለክታል፤ ከዚያ በላይ መሳል ብረት ማባከን ነው። ቀጥሎ ሌላውን ጎን በተመሳሳይ ሁኔታ ስሎ፣ በለሰለሰ ድንጋይና በቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ ጠርዙን ማስወገድ ነው። አፉ ጥቂት ብቻ ሲደክም በቆዳው መጎተት ብዙ ጊዜ ስለሚበቃ፣ የስለቱን ዕድሜ ያራዝማል።

በሞተር የሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ ለሰንጢ አይመከርም። ቀጭኑ አፍ በቅጽበት ይግላል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ማለት ነው። በተለይ ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ ያ ክፍል ጥንካሬውን አጥቷል፤ ቢሳልም ቶሎ ይደንዛል።

ዝገትና አቀማመጥ

በካርቦን ስለት ላይ ሁለት ዓይነት ለውጥ ይታያል። ቀይና ልል የሆነው ዝገት ብረቱን እየበላ ይቀጥላል፤ ግራጫ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መሰል የሆነውና ሰብሳቢዎች ፓቲና የሚሉት ገጽ ግን በአገልግሎት የመጣ፣ ይልቁንም በመጠኑ የሚከላከል ነው። ቀዩን በዘይት አርሶ፣ ከብረቱ በሚለሰልስ የመዳብ ቁራጭ ቀስ ብሎ መፋቅ ይበቃል፤ ሁለተኛው አይነካም። ምግብ የሚቆርጥ ስለት ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ የማዕድን ዘይት በስሱ ይቀባል። የምግብ ዘይት ሲቆይ ስለሚሻግትና ስለሚያጣብቅ ለመታጠፊያው አይስማማም። የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ በውኃ አይዘፈዘፍም፤ እንጨቱ ሲያብጥ ስለቱን አጥብቆ ይይዛል።

ሰንጢ በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የለበትም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ በማልፊያ ኬሚካሎቹም ብረቱን ያዝጋል። ለብረት ደረቅ አየር ይስማማል፤ አጥንትና እንጨት ግን ከመጠን በላይ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ሁለቱንም ያስታርቃል። ከሁሉ የከፋው አደጋ በቀድሞ ዘመን እጀታ ለመሥራት የዋለው ሴሉሎይድ ነው። ይህ ፕላስቲክ ሲያረጅ የሚበሰብስ ሲሆን፣ የሚያወጣው አሲዳማ ትነት የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን በአንድ ሣጥን ያሉትን ጎረቤቶቹንም ያዝጋል። በቀላሉ ተቀጣጣይም ነው። እጀታው ከተሰነጠቀ፣ ካላበው ወይም አጠገቡ ያለ ብረት በድንገት ከዛገ፣ ያንን ሰንጢ ለይቶ አየር በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሰብሳቢው ከመሳሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ሰንጢው ስንት ያወጣል የሚለውን ሳይሆን፣ የሚፋቀው ብረት ሌላ ቦታ የማይገኝ ማስረጃ ይዞ ይሄዳል ወይ የሚለውን ነው። ዛሬም በገበያ ያለ ሰንጢ፣ ውድም ቢሆን፣ ሊሳልና ሊሠራበት ይችላል። ማኅተሙ፣ ቅርጹ ወይም የባለቤቱ አሻራ የማይተካ ከሆነ ግን፣ ርካሽም ቢሆን፣ ዝገቱ ብቻ ተገትቶ እንዳለ ሊቀመጥ ይገባል። በሁለቱም ሁኔታ ከማንኛውም ሥራ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የስለቱን ርዝመትና ስፋት መለካት፣ ማኅተሙን መቅዳት፣ ከማን እንደተገኘና ምን እንደተደረገለት መመዝገብ ያስፈልጋል።

ይህ በአገራችን ካለው ሥራ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከባሌስትራ የሚሠሩት ቢላዎች ርካሽ ናቸው፤ እስኪያልቁ ይሠራባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም የሠሪ ማኅተም የላቸውም። የሠሪው ስም፣ ቦታውና የአጠናከር ዘዴው ሠሪው በሕይወት ሳለ ተጠይቆ ካልተጻፈ፣ ቢላዋው ራሱ ሊናገረው አይችልም። እንዲህ ያለ ቢላዋ በእጁ የገባ ተመራማሪም ሆነ ሰብሳቢ፣ ከመሳያ ድንጋይ በፊት ብዕርና ወረቀት ቢያነሣ ይመረጣል።