ድርሰት ለመጻፍ ስንነሣ

ፊደል ቆጥራችሁ ደብዳቤ ለመጻፍ በቅታችኋል፤ ዛሬ ደግሞ ስለ ድርሰት እንነጋገር።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ስለ ባሕር ዛፍ ጻፉ ተባልን። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን መግባቱን፣ ቶሎ ማደጉን፣ ተቆርጦ ማቆጥቆጡን፣ ውሃ መምጠጡን፣ ብቻ የማውቀውን ሁሉ ደረደርኩት። አራት ገጽ! መምህሬ ግን «ታዲያ አንተ ምን ትላለህ?» ብለው መለሱልኝ። አፈርኩ፤ እውነታቸውን ነበር።

ድርሰት ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። እንግዲህ መልሳችሁን አስቀድማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ «ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይጠቅማል፤ ከምንጭና ከእርሻ ዳር ግን አይተከል» እንደ ማለት። ቦታው መግቢያው ላይ ነው።

በሐተታው ውስጥ አንዱ አንቀጽ አንድ ምክንያት ይያዝ፤ ማስረጃውም እዚያው ይከተለው። ስለ ውሃ ከሆነ ሥሩ እርጥበት እንደሚሻማ፣ አጠገቡ ያለው ሰብል እንደሚቀጭጭ አስረዱ። የዐፄ ምኒልክ ነገር እዚህ ምን ይሠራል? ይውጣ! (መሰረዙ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ።)

ተቃራኒውን ሐሳብም አትሽሹት። «ለገበሬው ገቢ ነው» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ዛፉ ይጥፋ ሳይሆን ቦታው ይለይ ማለታችሁን ግለጡለት።

መደምደሚያው አጭር ይሁን። አዲስ ምክንያት ትዝ ካላችሁ ወደ ሐተታው መልሱት።