ሦስት የካናቢስ ችግኝ በፍራንክፈርት በረንዳ

ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት የሄዱ አንዲት እናት አሉ እንበል። ወሩ ግንቦት ነው። በረንዳው ላይ በሦስት የአበባ መትከያ ውስጥ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ለምለም ችግኝ ያያሉ። እንደ እናት ወግ ውሃ ያጠጡታል። ከዚያም “ይኼ ደግሞ ምን አበባ ነው ልጄ?” ብለው ይጠይቃሉ። ልጅየው ትንሽ መንተባተቡ አይቀርም። ተክሉ ካናቢስ ነው፤ እኛ አገር በጅምላ “ሐሺሽ” የምንለው። ነገር ግን ልጁ የጀርመንን ሕግ አልጣሰም።

የጀርመን ፓርላማ (ቡንደስታግ) እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አዲሱን የካናቢስ ሕግ በ407 ድጋፍና በ226 ተቃውሞ አጸደቀ። ሕጉ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህም መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው የአገሪቱ ነዋሪ በመኖሪያው እስከ ሦስት ተክል ማልማት፣ ከቤት ውጭ እስከ 25 ግራም መያዝ፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እስከ 50 ግራም የደረቀ ምርት ማስቀመጥ ይችላል። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ቤት ውስጥ ያፈሩትን ለጓደኛ በነፃ መስጠትም እንዲሁ።

ወደ ተክሉ ከመግባታችን በፊት አንድ የስም ነገር እናጥራ። አንዳንድ ሰው ካናቢስን “ዕፀ ፋርስ” ሲል ይሰማል። በየጥሻውና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ አበባው እንደ ጥሩንባ፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነው አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር ግን ፈጽሞ ሌላ ተክል ነው፤ መርዙም ሰው ይገድላል። የካናቢስ እውነተኛ ዘመድ አውሮፓውያን ለቢራ የሚጠቀሙበት ሆፕ ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የእኛ ጌሾ በጠላ ውስጥ የሆፕን ሥራ ቢሠራም ከእነዚህ ቤተሰብ አይደለም።

በመስኮት ሥር የበቀለ ችግኝ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚገጥመውን ፈተና በርበሬ ወይም ቲማቲም ከመደብ ወደ ማሳ ያዛወረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ገበሬ ከመንቀሉ በፊት ባሉት ቀናት በመደቡ ላይ ያጠላውን ሣር ቀስ በቀስ ያነሳል፤ ውሃውንም ይቀንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደካማ ብርሃን የወጣ ቅጠል ሽፋኑ ስስ ስለሆነ በድንገት ፀሐይ ላይ ቢወድቅ ይነጣል፣ ይጠወልጋል። ነፋስ ነክቶት የማያውቅ ግንድም ቀጭንና ሰባራ ነው፤ ሲወዛወዝ ነው የሚወፍረው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ለጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ ለሙሉ ቀን እያሉ በሳምንት ገደማ ውስጥ ማለማመድ ያስፈልጋል። ይህ ለካናቢስ ብቻ የተለየ ጥበብ አይደለም፤ ለጎመንም የሚሠራ ነው።

ጀርመኖች ከዚህ ሌላ የውርጭ ጣጣ አለባቸው። ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀናት “የበረዶ ቅዱሳን” ይሏቸዋል፤ የመጨረሻዋም “ቀዝቃዛዋ ሶፊ” ትባላለች። የድሮ አትክልተኛ እነዚህ ቀናት ሳያልፉ ለስላሳ ችግኝ ወደ ውጭ አያወጣም። ከውርጩ የተረፈውን ደግሞ በሌሊት ቅርፊት አልባው ቀንድ አውጣ ይጠብቀዋል፤ ለጋ ግንድ በአንድ ሌሊት ጨርሶ ሊያድር ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ተክሉ ሌሊት የሚቆጥር መሆኑ ነው። ይህን ለማወቅ መንገዱን የከፈተው ፈረንሳዊው ጁሊያን ቱርኗ ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ በሆፕና በካናቢስ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ቀኑ ሲያጥር ተክሎቹ ያለ ጊዜያቸው እንደሚያብቡ አየ። ጥቂት ቆይቶም ዋናው ነገር የቀኑ ማጠር ሳይሆን የሌሊቱ መርዘም ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳና ቱርኗ በ1914 በጦር ሜዳ ሞተ። ጉዳዩን አስፋፍተው ለዓለም ያስተዋወቁት አሜሪካውያኑ ጋርነርና አላርድ ናቸው፤ እርሱም በ1920፣ በትንባሆና በአኩሪ አተር ምርምራቸው ነው።

ፍራንክፈርት ላይ በሰኔ ወር አጋማሽ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በግንቦት የወጣው ችግኝ በጋውን ሙሉ ቅጠልና ግንድ ብቻ ይሠራል። ኦገስት ላይ ሌሊቱ ሲረዝም አበባ ይጀምራል። በረንዳው አጠገብ የመንገድ መብራት ካለ ግን ሊዘገይ ይችላል፤ ለእርሱ ሌሊቱ አልመሸምና። አዲስ አበባ ላይ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ዝርያ እዚህ ቢዘራ ገና ጨቅላ ሳለ ያብባል።

በነገራችን ላይ ተክሉ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ አቅራቢያ በሚገኘው የላሊበላ ዋሻ (ከአብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር አታምታቱት) ከተገኙ የሸክላ ጋያዎች ውስጥ በሁለቱ ላይ የካናቢስ ቅሪት እንደታየ ተመራማሪው ቫን ደር ሜርዌ በ1975 ጽፏል። ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይጠጋል።

ወደ በረንዳው እንመለስና፣ የጀርመን ሕግ አንድ አስቂኝ ጎን አለው። ሦስት ተክል ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ውጭ በደንብ ያደገ አንድ ተክል ብቻውን ከ50 ግራም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ትርፉ መወገድ አለበት። ቤቱ ውስጥ ከ60 ግራም በላይ የተገኘበት ሰው ደግሞ ከገንዘብ ቅጣት አልፎ በወንጀል ይጠየቃል። አትክልተኛው በጎበዘ ቁጥር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይቀርባል ማለት ነው። ተክሉ ልጆችና ሌሎች ሰዎች በማይደርሱበት መንገድ መጠበቅም አለበት። ትንንሽ ልጆች የሚሯሯጡበት ክፍት በረንዳ ይህን ያሟላል ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ለመንጃ ፈቃድም ገደብ አለ፤ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ሹፌር በደሙ ሴረም ውስጥ በሚሊ ሊትር 3.5 ናኖግራም ቲ.ኤች.ሲ. ከደረሰ ይቀጣል።

የእኛን ሰው ይበልጥ የሚነካው ግን የድንበሩ ጉዳይ ነው። ፈቃዱ ለጀርመን ነዋሪ፣ በጀርመን መሬት ላይ ብቻ ነው። ሼንገን አንድ ነው ብሎ በባቡር ወደ ጎረቤት አገር ይዞ መሻገር እንኳ ወንጀል ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማምረትንም፣ ማዘዋወርንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል። “እዚያ የተፈቀደ ነው” የሚለው መልስ ቦሌ ላይ አይሠራም። እናትየው ለመመለስ ሲነሱ ልጃቸው ከሚሸክፍላቸው ቸኮሌትና መድኃኒት ጋር፣ በአንዱ ጃኬት ኪስ የተረሳ ነገር እንዳይኖር ራሱ ልጁ አንድ በአንድ መፈተሽ ይኖርበታል፤ ሻንጣው የተመዘገበው በእርሳቸው ስም ነውና።